የኣቦይ ገብረአምላክ ሰባተኛ ካሴት

ሐምሌ 3 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ዛሬ አንዲት ሴት በሩዝ ከረጢት ካሴት ተሸክማ ስቱዲዮ መጣች። ቆጠርናቸው፣ ዐሥራ አንድ ናቸው። ስሟ ዳናይት ነው፤ ባንክ ትሠራለች፤ ቤታቸው ዓይናለም ነው፣ ከመቐለ ውሃ ጉድጓዶች ወዲያ። ካሴቶቹ የአባቷ የአቶ ገብረአምላክ ናቸው። ሰውየው የውሃ መሐንዲስ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከው በሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል በምትባል ከተማ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። እዚያ ሚስተር ዶድስ የሚባል ጡረታ የወጣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ቤት ተከራይተው ነበር፤ ሽማግሌው ባግፓይፕ አስተማራቸው።

ባግፓይፕ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ስልቻ ነው፣ ሓወይ ኸድር" አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። "በብብትህ ትይዘዋለህ፣ ዋሽንት ተሰክቶበታል፣ ስትጨምቀው ይጮኻል።"

"በአፍ ነው የሚነፉት?"

"የስኮትላንዶቹ በአፍ ነው። የአባቴ የሰሜን እንግሊዝ ነው፣ ትንሽ ነው፣ የቤት ውስጥ ነው። በሌላኛው ብብትህ ወናፍ ትይዛለህ። በክርንህ ነው የምትነፋው።"

እኔ ወሎ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስልቻ አውቃለሁ። ጤፍ የያዘ አይቻለሁ፣ ማር የያዘ አይቻለሁ። የሚዘፍን አላጋጠመኝም። "ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ" ልላት ብዬ ተውሁት፤ ሴትየዋ ለቀልድ አልመጣችም።

አባቷ ታመዋል። መሣሪያው በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸው ሲዘረፍ አብሮ ሄዷል። ወሳጁ ምን መስሎት እንደወሰደው አይታወቅም። ካሴቶቹ ከቤቱ ካርታ ጋር በላስቲክ ተጠቅልለው ጓሮ ተቀብረው ስለነበር ተረፉ። አሁን ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቁት፤ ሰባተኛውን ካሴት መስማት ይፈልጋሉ። እሳቸው ራሳቸው ያሉበት እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ላይ ያሉት ሚስተር ዶድስና ጎረቤቶቹ ናቸው።

"ድምፁን አጥራልኝ" አለችኝ። "ሰው ሁሉ ወደ አንተ ሂጂ አለኝ።"

እውነት ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሂጂ ይላል። መቐለ መብራት ባልነበራት ጊዜ የተቀዳ ሠርግ፣ መዝሙር፣ መንዙማ በሙሉ ከኋላው ጄኔሬተር አለበት። ጄኔሬተሩን የማወጣው እኔ ነኝ። ሙሽሮች በእኔ የተነሳ እርስ በርስ ሲሰማሙ ታያቸዋለህ፣ በቪዲዮ።


ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አንደኛውን ካሴት አስገባሁ። መሬት ውስጥ የከረመ ነገር ስለሆነ ሲዞር ቡናማ ዱቄት ያራግፋል። የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁት። ደግሜ ላጫውተው ስል ሽሽሽ የሚል ሽሽታ ብቻ ቀረ። ሙዚቃው ጥጡ ላይ ነው ያለው ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሴት የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ኮምፒውተር ሲገባ። ደግነቱ ይህን ያወቅሁት ስቀዳ ነው።

ሙዚቃው ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ይመስላል። እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ነው፣ ከጎረቤቱ ጋር አይነካካም። ዋሽንቱ ይፈጥናል ግን አይቸኩልም። መጥፎ አይደለም። ከሥሩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጉርምርምታ አለ። የኒውካስልም መብራት እንደኛው ነበር ማለት ነው ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።


ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ቤት ውስጥ የሆነ ነገር እምምም ይላል። ፍሪጁ ነው። ለረምላ ነገርኋት። ረምላ ባለቤቴ ናት፤ ጨርቅ ስትሸጥ ውላ ስትገባ ብዙ አትናገርም።

"መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም" አለች።

የጎረቤት ፍሪጅ ነው።


ሐምሌ 14፣ ሰኞ

የአሸንዳ ዘፈን ወረደብን። ዘንድሮ ዐሥራ ሰባት ነው፣ ሁሉም ነሐሴ 16 ሳይደርስ መውጣት አለበት። ከዚያ ካለፈ ከበሮውን ይዘህ ወደ ቤትህ ነው። ሕሉፍ ከጠዋት እስከ ማታ ኪቦርዱ ላይ ነው። ሕሉፍ ሸሪኬ ነው፤ ዜማ የሱ፣ ድምፅ የኔ።

የግራው ስፒከር ደክሟል። ለሦስተኛ ጊዜ ፈታሁት። ሕሉፍ ደህና ነው ይላል። ለሕሉፍ ሁሉም ነገር ደህና ነው።

አንዷን ዘፋኝ "በቀኙ በኩል ሆነሽ ንገሪው" ሲላት ሰማሁት። ዘፋኞችን ቦታ ቦታ ማስያዝ ይወዳል።

ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል። ስድስት ካሴት ገለበጥሁ።


ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ዛሬ ከሰባተኛው ጀምሮ የቀሩትን ገለበጥሁና ሁሉንም አጸዳሁ።

አሠራሬን እዚህ ልጻፈው፤ አንድ ቀን ሥራውን ለሰው ማስተማር ያስፈልግ ይሆናል። ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ባዶ ሁለት ሰከንድ አለች። ከበሮው አልተመታም፣ ሰው አልተነፈሰም። እዚያች ውስጥ ያለው ጄኔሬተሩ ብቻ ነው። ያቺን ቦታ እይዝና ለኮምፒውተሩ "ይህን እወቀው" እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከዘፈኑ መሐል ያንኑ እየለየ ያወጣዋል። ሌላው ይቀራል። ጥበቡ ባዶዋን ሁለት ሰከንድ መምረጥ ላይ ነው። እኔ ከነትንፋሹ የሚመርጡ ጀማሪዎችን አይቻለሁ፤ ዘፋኙ መሐል ላይ አስም ይዞት ይገኛል።

ሰባተኛው ላይ እንዲህ ያለ ምቹ ቦታ በሕይወቴ አላገኘሁም። ጉርምርምታው ዐሥራ አምስት ሰከንድ ሙሉ ብቻውን ይሄዳል። ከዚያ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ይላል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ዋሽንቱ ይገባል። አራት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰከንድ። ሲያልቅ ዋሽንቱ ቀድሞ ያቆማል፣ ጉርምርምታው ትንሽ ይቆያል፣ እሱም ያቆማል። ጄኔሬተሩን አጠፉት ማለት ነው።

ሲጸዳ እንደ ምንጭ ውሃ ሆነ። ጣት ከቀዳዳ ላይ ሲነሳ ይሰማል። ዋሽንቱ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚጫወቱት አቶ ገብረአምላክ ናቸው፣ ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ጎበዝ ነበሩ።

ዲስኩ ቦታ ስለሌለው የጸዳውን በዋናው ላይ ሴቭ አደረግሁት፣ የሌሎቹን የዐሥሩንም እንዲሁ። የኮምፒውተሩንም ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ባዶ አደረግሁ። ሕሉፍ ወዲያው ሁለት አሸንዳ ጫነበት።


ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ፍላሹን ሮማናት አደባባይ ላይ ለዳናይት ሰጠኋት። የምሳ ሰዓቷ ነበር። "አባትሽ ጣታቸው ልዩ ነው" አልኋት። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ። ለራሴ ማኪያቶ ጋበዝሁ።


ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ያነሳችው ረምላ ናት።

"ከጎንህ ነው ያለው" አለችኝ።

"ድምፁን ቀንሼው ነው።"

"ሠፈሩ ሁሉ ሰማው እኮ።"

ዳናይት ናት። አባቷ ሰምተው "እኔ የለሁበትም" ይላሉ። ካሴቱ ተቀያይሮብህ እንደሆነ እይልኝ አለች። አልተቀያየረም፤ ቁጥሩን በራሴ እጅ ነው የጻፍሁት። የታመመ ሰው ብዙ ነገር ይላል አልኋት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።


ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ዓይናለም ሄጄ መጣሁ። እንደሆነው ሁሉ እጽፈዋለሁ።

ኣቦይ ገብረአምላክ መስኮቱ ሥር አልጋ ላይ ናቸው። ጥር ላይ ነው የመታቸው፣ ስትሮክ። ቀኝ ጎናቸው በሙሉ አይታዘዝም። ቀኝ ክንዳቸው ብርድ ልብሱ ላይ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ መስሎ ተቀምጧል። ንግግራቸው ቀርፋፋ ነው እንጂ ቃሉ ሁሉ አለ።

"ከመይ ኣለኻ፣ ወደይ" ብለው እንደ ልጃቸው ሰላም አሉኝ። "ቅረብ።"

በሚመቸኝ በኩል ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ዳናይት ሰባተኛውን ከፈተችው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ይህ ሚስተር ዶድስ ነው" አሉ። "ደህና አድርገህ ነው ያወጣኸው፣ እግዚኣብሔር ይሃብካ። ጣቶቹን ቆጠርኋቸው። እኔ ግን የለሁም።"

"ኣቦይ፣ ዋሽንቱን የሚጫወቱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ሳቁ። የሚስቀው ግማሽ ፊታቸው ነው።

"እኔ? በሁለት ክረምት? ዋሽንቱን አላስነካኝም።"

ከዚያ አስረዱኝ፤ መሐንዲስ ናቸውና ዕቃውን በቃል ፈታትተው ነው ያስረዱኝ። ስልቻው ላይ ከዋሽንቱ ሌላ ጣት የማይነካቸው ቱቦዎች ተሰክተዋል። ዜማ አያወጡም። እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ይይዛሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ዋሽንቱ በዚያ ላይ ነው የሚሄደው። ስማቸው በእንግሊዝኛ ድሮን ነው።

ቃሉን ሲጠሩት ዳናይት ሳታስበው ወደ ጣሪያው ቀና አለች። እኔም። ኣቦይ ቀና አላሉም፤ እሳቸው ቃሉን የተማሩት ቀድመው ነው።

"ሚስተር ዶድስ የራሱን ቱቦዎች ደፈነ። 'ዛሬ አንተ ያዝልኝ' አለኝ። የእኔን ዋሽንት በጣቶቼ ሁሉ ዘጋሁት፤ ሙሉ ሲዘጋ ዝም ይላል፣ ጠባዩ ነው። የቀሩት ቱቦዎቹ ብቻ ናቸው። ቀኝ ክርን ወናፉን፣ ግራ ክንድ ስልቻውን። ንፋሱ ከወረደ ድምፁ ይወርዳል፣ ከበዛ ይወጣል። ሳላዛንፍ መያዝ ነው ሥራዬ። እሱን ለመቻል ሁለት ክረምት ፈጀብኝ፣ ወደይ። የምድር ውሃ ግፊት ማስላት በስምንት ወር ነው የጨረስሁት።"

"ሲያልቅስ ምን አሉዎት?"

"ምንም። ቴፑን አጠፋና ሻይ ሊጥድ ተነሣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሻይ የምጥደው እኔ ነበርሁ።"

ዐሥራ አምስት ሰከንድ። ያቺ ምቹ ባዶ ቦታ። ለኮምፒውተሩ "ይህን እወቀው" ያልሁት ሰውየውን ነው። አውቆ አወጣቸው።

"ካሴቱ እርጥበት በልቶት ይሆን?" አለች ዳናይት።

"አዎ" አልሁ። "እርጥበት ነው።"

ለምን እንዲህ እንዳልሁ አላውቅም። አውቃለሁ። እሷ ስለጀመረችልኝ ነው።

ልሄድ ስነሣ ኣቦይ "እንግዲያስ ፈልገኝ" አሉኝ። "እዚያ ውስጥ ነኝ። አራት ደቂቃ አልተነሣሁም።"


ሐምሌ 27፣ እሑድ

ፋይሉ የለም። የጠፋ ፋይል የሚመልሰውን ፕሮግራም ስድስት ሰዓት አስሮጥሁት። ያመጣልኝ ከበሮ ነው። ኣቦይ በነበሩበት ቦታ የሕሉፍ አሸንዳ ተኝቶበታል።

ካሴቱን ደግሜ ሞከርሁት። ሽሽታ። የካሴቱን ክር ወደ መስኮት አንስቼ አየሁት፤ ቦታ ቦታው ብርሃን ያሳልፋል።

ጥጡን እንኳ አላስቀመጥሁትም።


ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ውሃ መጣ። ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ያለውን ጀሪካን ሁሉ ሞላን። የዓይናለም ውሃ ነው። ከጉድጓዶቹ ስንቱን ኣቦይ ገብረአምላክ አስቆፍረውት ይሆን። ጠጣሁት።


ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ለሕሉፍ ነገርሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ። ለማን እንዳለው አልገባኝም። ለሽማግሌው ይሆናል።

ከዚያ መፍትሔ አመጣ። "አንድ ድምፅ ነው አይደል? አራት ደቂቃ የሚቆይ አንድ ድምፅ። ኪቦርዱ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ቡና እየጠጣሁ እሠራልሃለሁ።"

ሠራው። ከዋሽንቱ ሥር አስገባሁትና ልኩን እኔ አስተካከልሁት። ሕሉፍ አዳመጠ።

"ወርዷል፣ ኸድር።"

"አልወረደም።"

"ወርዷል። ሌላ ቤት ነው ያለው።"

ተከራከርን። ጆሮዬ ውስጥ ያለውን ተከትዬ ነው ያስተካከልሁት፤ እዚያ ልክ ነው። ሕሉፍ ትንሽ አየኝና "በየትኛው ጆሮህ ነው የምትሰማው?" አለ። በሁለቱም አልሁት፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ሳቅ ይላል ብዬ ነበር።

እሱ ራሱ አስተካከለው። አሁን ልክ ነው አለ። ልክ ነው ካለ ልክ ነው።

"ማንም አያውቅም" አለኝ። "የታመሙ ሽማግሌ ናቸው፣ ሓወይ። ደስ ብሏቸው ይሂዱ።"

ይህም እውነት ይመስላል። ቀኑን ሙሉ እውነት ሲመስለኝ ዋለ።


ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ረምላ ከኋላዬ ቆማ ብዙ ስታወራ ቆይታ ኖሯል። ምን አልሽ ስላት "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ብላኝ ወጣች። ተረቱ ሰው ስለኛ የሚያወራውን አንሰማም ለማለት ነው። ስለ እኔ የሚያወራው ማን ነው?

ማታ ራት ላይ ለየት ባለ ድምፅ ጀመረች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትል አራት ዓመት ሆናት አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አለች። ያን ቀን እኔ ምንም አልሆንሁም። ቦምቡ የወደቀው ከስቱዲዮው ማዶ ነው። ሰው ያለቀበት ቀን ነው፤ ስለ ጆሮ ማውራት ያሳፍራል። የስቱዲዮው መስኮት ብቻ ነው የረገፈው፤ በግራ በኩል ያለው።

"ወላሂ አንተ ሰውዬ" አለች፣ "የሰው ድምፅ ስታጸዳ የራስህን ቤት ረሳኸው።"

ሥራ የሚበዛው አሁን ነው፣ ከአሸንዳ በኋላ እንሄዳለን አልኋት። ከአሸንዳ በኋላ መውሊድ አለ አለች። መንዙማው አለ። የእኔን ሥራ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።


ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ዳናይት ደወለች። ኣቦይ መብላት ትተዋል። ሐኪሙ ቤታችሁ ውሰዷቸው ብሏል፤ ያሉትስ ቤታቸው ነው፤ ሐኪሙ መምጣቱን አቁሟል ማለቷ ነው። በየቀኑ አንድ ነገር ይጠይቃሉ አለች።

"ምን ይላሉ?"

"'እቲ ወዲ ረኺቡኒ ዶ?' ይላል። ልጁ አገኘኝ ወይ ማለት ነው።"

ትግርኛ ከገባኝ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። እሷ ግን ተረጎመችልኝ፣ እንዳልሸሽ መሰለኝ።

"አግኝቻቸዋለሁ" አልሁ። "ሰኞ ይዤ እመጣለሁ።"

ስልኩ ሲዘጋ የተናገርሁትን ሰማሁ።


ነሐሴ 11፣ እሑድ

ሥራ አልሄድሁም። ሕሉፍ ደወለ፣ አላነሣሁም። ይህኛውን ሰምቼዋለሁ።

ዝም ብዬ አሰብሁ። የሙያ ስህተት ነው፤ ማንም ይሠራዋል። ማንም አይሠራውም፤ ባለሙያ ነው የሚሠራው። ጀማሪ ቢሆን ጉርምርምታውን ማውጣት ስለማይችል ሰውየው እስከ ዛሬ እዚያው ነበሩ።

ሌላም አሰብሁ። ዐሥራ አምስት ሰከንድ ጆሮዬ ላይ ሲጮኽ እንዴት መሣሪያ መሆኑ አልገባኝም? ያን ድምፅ ከየት አገር እንደመጣ ሳልጠይቅ የማውቀው ስለመሰለኝ ነው። ሲነጋም ሲመሽም የምሰማው ነገር ስለሆነ። ስለ ፍሪጁ ማለቴ ነው።

ፍሪጁን ትናንት ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ።


ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ፍላሹን ኪሴ ከትቼ ዓይናለም ሄድሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ንግግር አዘጋጀሁ። በአንደኛው ውስጥ እውነቱ አለ። ሁለተኛው ያጥራል።

የትኛውንም አልተናገርሁም። ዳናይት በር ላይ ነው ፍላሹን የተቀበለችኝ፤ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኳ ላይ ሰክታ ከፍታዋለች። ኣቦይ ከፍ ተደርገው ትራስ ተደግፈዋል። በጣም ከስተዋል። የሕሉፍ ጣት የያዘው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፣ ዋሽንቱ ገባ። ዳናይት አፏን በእጇ ያዘች፣ የአባቷን ፊት እያየች።

ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ነው። ኣቦይ ግራ እጃቸውን አነሡ። ዘጋችው።

"ይህ ሰው ክንድ የለውም" አሉ።

በዚያው እጃቸው ስልኩን አመለከቱ።

"ክንድ ያለው ሰው ይደክመዋል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይወርዳል፣ ይነቃል፣ ይመልሰዋል። ይህ አይደክመውም። ማሽን ነው። ማን ነው ይህ፣ ወደይ?"

"ኪቦርድ ነው፣ ኣቦይ" አልሁ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው። እርጥበት እንዳልሆነ ነገርኋቸው። ባዶዋን ሁለት ሰከንድ፣ ዐሥራ አምስቱን ሰከንድ፣ በላዩ ላይ ሴቭ ማድረጌን፣ ቆሻሻውን መድፋቴን። "ጄኔሬተር መስለውኝ ነው ያጠፋኋችሁ" አልሁ፤ አንቱታውን እንኳ በትክክል አልጠራሁትም። ይቅርታ ጠየቅሁ። ዳናይት ወደ መስኮቱ ዞረች። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ነው ከዚህ ዓለም የለመኑት፣ እሱን እኔ ጠርጌ ጥዬዋለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ኣቦይ ዳናይትን ጠሩ።

"ፈረንጁን ብቻውን አምጪው" አሏት።

"አባዬ፣ ይቅር።"

"አምጪው። ትራስም አምጪ፣ ትንሹን።"

መጀመሪያ የሰጠኋትን ፋይል ፈለገች። ትንሹን ትራስ በግራ ብብታቸው ሥር እንድታደርግላቸው አሳዩአት። ክንዳቸውን አወረዱበት፣ ጨመቁት፣ ለቀቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ና በዚህ በኩል ተቀመጥ። በቀኜ።"

ወንበሩን አዙሬ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከጎናቸው ሆኜ እንደሳቸው ወደ በሩ ዞሬ ተቀመጥሁ። እሳቸውም ስልኩም በግራዬ ሆኑ።

"ክርኔን ያዝ። ወደ ላይ ስታነሣው ወናፉ ይከፈታል፣ ወደ ጎኔ ስትመልሰው ይነፋል። አትቸኩል። ግራው የኔ ሥራ ነው። ንፋሱን አንተ ትሰጠኛለህ።"

ክንዳቸው ቀላል ነበር፣ ሙቀቱም ትንሽ ነው። ያዝሁት።

"ኣቦይ" አልሁ፣ "በዚህ በኩል አልሰማም።"

ዳናይት ከስልኩ ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለረምላም አልተናገርሁም፣ ለዚህ ደብተርም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ። አንድ ድምፅ አለ እንጂ ሌላ የለም። እሱ አያቆምም።"

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ስለ ጉድጓድ ጥልቀት እንደነገርኋቸው።

"መስማት አያስፈልግህም" አሉ። "እኔም አልሰማም ነበር። ሰውየውን ስትሰማ ክንድህ እሱን ይከተላል፣ ትበላሻለህ። ክርኔን ብቻ ያዝ።"

ዳናይት ከፈተችው። ሚስተር ዶድስ የሆነ ቦታ፣ በሩቅ፣ አንዲት ቃል ሲል ተሰማኝ ወይም መሰለኝ። አነሣሁ፣ መለስሁ። አነሣሁ፣ መለስሁ። ከዋሽንቱ የሚደርሰኝ ጥቂት ጥሬ ጥሬ ነገር ብቻ ነበር። የቀረው ያው የኔ እምምታ ነው። ግራ ክንዳቸው ትራሱ ላይ ሲጠብቅና ሲላላ በትከሻቸው በኩል እጄ ድረስ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ጠንካራ ጭነት ተሰማኝ፤ ወርደው፣ ነቅተው፣ መለሱት። ሁለተኛው ደቂቃ ይሆናል። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። በሩን ነው የሚያዩት፣ እዚያ ወንበር ላይ ሰው እንደተቀመጠ።

አራት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰከንድ የሽማግሌ ክርን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ዳናይት ስልኩን ስትዘጋው ዜማው ማለቁን ከእጇ ነው ያወቅሁት፤ አቆምሁ። ኣቦይ አላቆሙም። ግራ ክንዳቸው ትራሱን ትንሽ ቆይቶ ነው የለቀቀው።

ላብ በላብ ሆነዋል። ዳናይት ግንባራቸውን ጠረገች። እኔ ክርናቸውን እንደያዝሁ የሚሉትን ጠበቅሁ፣ ቀኝ ጆሮዬን ወደሳቸው አዙሬ።

"ፈጠንህ" አሉኝ። "እንደገና፣ ከመጀመሪያው።"